የደም ሥር የሚችለው ድምፅ

ሰኞ፤ ከባሕር ዳር ወደ እስቴ

ባሕር ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የገባሁበት ሥራ ነው፤ ማሽኑ አንድ ገጽ እስኪተፋ መቆሙ እንኳ ያናድደኛል። ስለዚህ እናቴን የምታክማት ዶክተር ሰብለ «እስቴ፣ ስማዳና ጋይንት ያሉ ዘመዶቻችሁን ላያቸው እፈልጋለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው ስጡኝ» ስትል፣ አገሩን ረግጬው ባላውቅም «እኔ» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ቧንቧ እናቴ ላይ ሰፍቷል። ግድግዳው ሳስቶ እየተለጠጠ ነው፤ ካልተጠበቀ አንድ ቀን ይቀደዳል። ሁለት ወንድሞቿ ሳይታሰብ ሞተዋል፤ አንዱ እርፍ እንደጨበጠ፣ ሌላው የሰርግ ዳስ ውስጥ። አገሬው «መጋኛ መታቸው» ብሎ ቀበራቸው። ዶክተር ሰብለ ደግሞ በዘር የሚወርድ የደም ቧንቧ በሽታ ነው፣ ቀድሞ ከታየ ሰው ሳይሞት ይያዛል ትላለች። የቀረው ወንድም አንድ ብቻ ነው፦ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም የሚያስተምሩት መሪጌታ ፈንታ።

እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። «ፈንታን አሳዪልኝ። አለበት ወይ የለበትም፣ እንደሆነው ንገሪኝ። አታለሳልሺው።»

«መቼ አለሳልሼ አውቃለሁ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ዶክተር ሰብለን «እርስዎ» ብላት ገና ከተማውን ሳንወጣ ተቆጣች። «እኔና አንቺ አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን እየሄድን ምን እርስዎ ነው?» ከዚያ በኋላ አንቺ ተባባልን።

ሚኒባሱ እስከ ሐሙሲት በሰላም ሄደ። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳርን የለመደ ሰው መንገድ ብሎ የማይጠራው ነገር መጣ። እኛ ጋ መሬቱ ሰሌዳ ነው፤ ሐይቁም ዝም ብሎ ይተኛል። እዚህ መሬቱ አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይወድቃል። ሰብለ የደም ናሙና የምንይዝበትን የበረዶ ሳጥን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ሳጥኑን አየችና «ዓሣ ነው?» አለች።

«አይደለም።»

«ከባሕር ዳር መጥታችሁ ዓሣ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ባዶ ነው» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ገና ደም አልያዝንም። ሴትየዋ እስከምትወርድ ድረስ አላመነችኝም።

እስቴ መካነ ኢየሱስ የደረስነው ሲመሽ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ሙሉ፣ አይተውኝ ስለማያውቁ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩት። «የእህቴ አፍንጫ» አሉ። ሽሮና ቃሪያ አቀረቡልን። አልጋቸውን ለእኛ ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። አይሆንም ብለን ብንጮህ «ዝም በሉ፣ አልጋ ላይ መተኛት የሚያውቀው የከተማ ሰው ነው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ማክሰኞ፤ እስቴ

እትዬ ሙሉ በጠዋት በሩን ዘጉት። መስኮቱንም ዘጉት። በቀን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን።

«ልጄ ተጠይቃለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰው ልጅ ዘር ይቆጥራል። ዘራችሁ በሽታ አለበት ከተባለ ሽማግሌዎቹ በመጡበት ይመለሳሉ።»

ሰብለ ከዚህ ቤት ውጪ ማንም እንደማይሰማ ማለችላቸው። እትዬ ሙሉ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺስ ታይተሻል?»

አልታየሁም ነበር። እናቴን ማመላለስ፣ መድኃኒት መግዛት፣ ሥራ እያልኩ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አልታየሁም» አልኩ።

«እንግዲያ ቀድመሽ ተኚ።»

ተኛሁ። ሰብለ ከስልክ ጋር የምትገናኘውን ትንሿን አልትራሳውንድ አወጣችና ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀባችበት። ልቤ ስልኩ ላይ ሲዘል አየሁት፤ አስቀያሚ ነው፣ የተያዘ እንቁራሪት ይመስላል። ሰብለ ለካች፣ እንደገና ለካች፣ «ደህና ነሽ» አለች። ቀጥሎ እትዬ ሙሉ ተኙ፣ ከዚያ ቅባቱ እያሳቃት ልጃቸው። ሁላችንም ደህና ሆንን። እትዬ ሙሉ ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት።

ከዚያ ሰብለ ደም ቀዳችን። «ደህና ከሆንን ደሙ ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«እኔ የምፈልገው እንደውም ደህናውን ሰው ነው» አለች። «የቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የጡንቻ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው መጨበጥና መያዝ ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለጉት ዘረ-መሎች ክፍት ናቸው፣ የሌላ ሥራ የሆኑት ዝግ። በሽታው ሲመጣ ክፍቱ ይዘጋል፣ ዝጉ ይከፈታል። ሕዋሱ መያዙን ትቶ መባዛት ይጀምራል፣ ግድግዳው ይላላል።»

«ማን ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው?»

«እሱን ነው የምፈልገው። እናትሽ የወረሰችውን ስህተት እትዬ ሙሉም ወርሰውት ሊሆን ይችላል። የእሳቸው ግድግዳ ግን ይዟል። ምን ይዞላቸው ነው?»

«ይኼን ስታውቂ እናቴን ያድናታል?»

ሰብለ አትዋሽም፤ ለዚህ ነው የምወዳት። «እናትሽን ክኒኑና ክትትሉ ናቸው የሚጠብቋት። ይኼኛው ለልጆችሽ ነው።»

«ልጅ የለኝም።»

«እንግዲያ ጊዜ አለን» አለች።

ረቡዕ፤ ወደ ወገዳ

ወደ ስማዳ በአይሱዙ ሄድን። ጋቢናው ውስጥ ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር፣ እኔ፣ ሰብለና ሳጥኑ። የሚያሳርፍ መንገድ አይደለም። ገብሱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ማሳ ላይ አጨዳ ተጀምሯል። መሐል ላይ ጎማ ፈነዳ። እኔ ዝም ብዬ መቆም ስለማልችል ሾፌሩን ላግዝ ክሪኩን ያዝኩ። «ተይው እቴ፣ እጅሽ ይቆሽሻል» አለኝ። «እጄ ሁልጊዜ በቀለም የቆሸሸ ነው» ብዬ ዞርኩ። ነፍሰ ጡሯ ሳቀችና ከቋጠሮዋ ቆሎ ዘግና ሰጠችኝ።

ወገዳ ስንደርስ በረዶው ውኃ ሆኖ ነበር። መብራት የለም። ሰብለ ሳጥኑን ከፍታ ቆመች፤ ፊቷን ሳየው ልታለቅስ የደረሰች መሰለኝ። ያረፍንበት ቤት ባለቤት፣ ቁመቷ በሩን የሞላ ሴት፣ ጄኔሬተር አላት። መጣችና ሳጥኑ ውስጥ አየች።

«ደም ነው?»

«የዘመዶቼ ደም» አልኳት።

ምንም አልጠየቀችም። ፍሪጇን ከፈተችና ቢራውንና ለስላሳውን እያወጣች መሬት ላይ ደረደረችው። የምሽት ደንበኞቿ ሞቅ ያለ ቢራ ሲቀርብላቸው አጉረመረሙ። «ዛሬ ፍሪጁ በሽተኛ አስተኝቷል» አለቻቸው። አንዱ «ምን ይዞታል?» ሲላት «ያንተን ነገር መስማት» ብላ ጠርሙሱን ፊቱ አስቀመጠችለት። ባሕር ዳር እንዲህ ያለ ውለታ ብጠይቅ መጀመሪያ ፈቃድ አሳዪ ነበር የምባለው።

ሐሙስ፤ ከወገዳ ወጣ ብሎ

የአጎቴ ልጅ ቄስ ይበልጣል ከወገዳ በእግር የሚኬድ መንደር ነው የሚኖረው። እርፍ እንደጨበጠ የሞተው የእናቴ ወንድም ልጅ ነው። ሰብለ ምግብ ያልቀመሰ ሰው ደም ስለምትፈልግ፣ «ቄስ ከሆነ ጠዋት ጾሙን ነው» ብዬ ገና ጎሕ ሲቀድ ወሰድኳት። በኔ ቤት ብልጠት ነው።

ቄስ ይበልጣል ጋቢውን ተከናንቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ አገኘን። ስለ አባቱ ነገርነው። ዓይኑ እንባ ሞላ። እዚያው አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደረቱን ከፈተ፤ ታየ፣ ደህና ነው። ደስ ብሎት እኔን እያቀፈ ሳለ ሰብለ ሌላኛውን ክንዱን ጠየቀችው። እሱም ያው የማሽኑ ቀጣይ መስሎት ሰጣት። መርፌው ገብቶ ደሙ ሲቀዳ ነው ዞሮ ያየው።

«ውይ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰሞነኛ ነኝ እኮ።»

ሰሞነኛ ማለት የዚያ ሳምንት የቅዳሴ ተረኛ ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ወደ መቅደስ አይገባም። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ እዚያ ያሉት ልክ ያን ያህል ነበሩ። አሁን አንድ ጎደለ። ይባስ ብሎ የዚያን ቀን ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ነበር። አርባ ቀኑ ያ ቀን ነው፤ ወደ ነገ አይገፋም።

ሰብለ ነገሩ ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። «መልሼ ላስገባልህ ብችል…» አለች። ቄስ ይበልጣል እንባው ሳይደርቅ ሳቀባት።

ሌላ ቄስ እንዲያመጣ ሰው ሸለቆውን ተሻግሮ ተላከ። እኛም፣ ምእመኑም፣ ሕፃኑም ተቀምጠን ጠበቅን። ሕፃኑ ስለሚቆርብ ጡት አልጠባም፤ ያለቅሳል። ሴቶቹ ተራ በተራ እየተቀበሉ ያባብሉታል፤ አንዳቸውም ግን ወደ እኛ በክፉ አላዩም። ቢያዩን፣ ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር። ተነሥቼ አጥሩን ዞርኩት፣ እንደገና ዞርኩት። አንዲት አሮጊት ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ። «ልጄ፣ አዞርሽን። ይመጣል።»

መጣም። ላባቸውን እየጠረጉ የመጡት ሽማግሌ ቄስ ከሩቅ ቆሙና «እኔን እንደማትወጉኝ መጀመሪያ ማሉልኝ» አሉ። አጥሩ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ከዚያ የሕፃኑ እናት እኔንና ሰብለን ካልበላችሁ ብላ ቤቷ አስገባችን፤ የድንች ወጥና የገብስ ጠላ ነበር። ሰብለ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ሕፃኑን እቅፏ ላይ አኖረችባት። ይቅርታው እዚያው ቀረ።

ዓርብ፤ ቤተ ልሔም

ወደ ጋይንት ተሻግረን የመጨረሻውን መንገድ በእግር ሄድን። እሳቸውን ከማየቴ በፊት ድምፃቸውን ሰማሁ። ከአቀበቱ ገና ሳንወጣ አንድ ረጅም ዜማ ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ። ሰብለ ቆመች። «ማን ነው?»

የሚያጭድ ገበሬ ቀና ሳይል «የኔታ ፈንታ ናቸዋ» አለ።

የኔታ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸውም ረጃጅም ናቸው። ተማሪዎቹ በጎጆዎቹ መሐል ዙሪያቸውን ተቀምጠው ድጓ ይቀጽላሉ፣ በዜማ ያጠናሉ፤ ያው ዓመቱን ሙሉ የሚዜመው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። እህታቸው እንደላከችኝ ስነግራቸው መጽሐፉን ከደኑና «እሷ ታመመች?» አሉ።

«ታማለች። ግን ስለ እርስዎ ነው የመጣነው።»

ሰብለ ከሐሙስ ተምራለች። መጀመሪያ የጠየቀችው «ሰሞነኛ ነዎት ወይ?» ብላ ነው። የኔታ ሳቁ። «ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ አለ፤ እኔ ነኝ የምመራው። ማሽንሽን ዛሬ፣ መርፌሽን ከማኅሌቱ በኋላ።»

ጎጆው ውስጥ ጠፍር አልጋ ላይ ተኙ። እኔ ስልኩን አላየሁም፤ የሰብለን ፊት ነበር የማየው። ለካች። እንደገና ለካች። አንዴ ደግማ እንደምትለካ ከእስቴ አውቃለሁ፤ አሁን ግን ሦስተኛም ለካች።

«አለብኝ?» አሉ የኔታ።

«አለብዎት» አለች። «ከእህትዎ የበለጠ ሰፍቷል። ባሕር ዳር ወርደው መታየት፣ ምናልባትም ቀዶ ጥገና ያስፈልግዎታል። እስከዚያው ግፊት የሚቀንስ ክኒን ዛሬ እንጀምራለን። ከባድ ነገር አያንሡ። ድምፅዎንም…» አልጨረሰችውም።

እሳቸው ጨረሱላት። «ድምፄንም አላነሣ።»

ውጪ ተማሪዎቹ ይቀጽሉ ነበር። የኔታ ተነሥተው ተቀመጡ፣ ድጓውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። «ምኔ ነው የታመመው? ሰው ሁሉ መጋኛ ሲል ነው የኖረው።»

ሰብለ ስለ ጡንቻ ሕዋሳቱ ስትነግራቸው ዓይኗ መጽሐፉ ላይ አረፈ። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ትንንሽ ፊደላት ተሰክተዋል። ምልክት ይሏቸዋል፤ የቱ ይነሣል፣ የቱ ይረግጣል፣ የቱ ይረዝማል የሚለውን የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

«ይኸውልዎ የኔታ» አለች። «ንባቡ ሰውነታችን ውስጥ በሁሉም ሕዋስ አንድ ነው። በእናንተ ቤት አንዲት ፊደል ተሳስታለች። በሽታው የሚጀምረው ግን ከላይ ያሉት ምልክቶች ሲዛቡ ነው። ሕዋሱ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ይጮኻል፣ መጮኽ ያለበት ቦታ ዝም ይላል።»

«በትብለጥ ላይስ?» አሉ። ትብለጥ እኔ ነኝ።

«የሷ እስካሁን ደህና ነው። ፊደሏ ትኑራት አትኑራት ገና አላውቅም፤ ደሟን ሳየው ነው የሚለየው።»

የኔታ ረጅሙን ጣታቸውን መስመሩ ላይ አስኬዱት። «እንግዲያ ያንቺ ሥራ አራሚነት ነው።»

«ገና ማንበብ እየተማርኩ ነው» አለች ሰብለ።

ቅዳሜ፤ ቤተ ልሔም

በጠዋት የኔታ አስጠሩን። «ሌሊቱን አሰብኩበት» አሉ። «አታንሣ ብለሽኛል። እስከ ምን ድረስ እንደማላነሣ ግን አልነገርሽኝም። ልክ አለው አይደል?»

ሰብለ «አላውቅም» አለች።

«መለኪያ ይዘሻል። ለኪያ።»

ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አሰረችና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «ክንድዎን ሳያንቀሳቅሱ ያዚሙ» አለቻቸው። የኔታ ጀመሩ፤ ክንዳቸውም አብሮ ተነሣ።

«ክንድዎ!»

«ልጄ፣ ይኼን ክንድ ስንት ዘመን ከዜማው ጋር አስረነዋል።»

እኔ ያዝኩላቸው። በሁለት እጄ። ዜማው ሲነሣ ጡንቻው እጄ ውስጥ ሲወጠር፣ ሲወርድ ሲላላ ይሰማኛል። በሙሉ ድምፃቸው ሲያዜሙ ሰብለ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ዘለለ። በጣም።» ዝቅ አደረጉ። «አሁንም።» ዝቅ አደረጉ። ውጪ ተማሪዎቹ ጸጥ አሉ። መምህራቸው ደጋግመው አንድ መስመር ይጀምራሉ፣ በእያንዳንዱ ጊዜም ድምፃቸው እያነሰ ይሄዳል፤ ምን እንደሆነ የገባው የለም። አንዱ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «የኔታ፣ ደህና ነዎት?» አለ።

«እየተማርኩ ነው፣ ሂድ» አሉት።

በመጨረሻ እኔና ሰብለ ብቻ የምንሰማው ድምፅ ላይ ደረሱ። ዜማው ግን አልጎደለም፤ እያንዳንዷ መታጠፊያ ቦታዋ ላይ ነበረች። ሰብለ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። «ይኼን ይችላል» አለች። «ከዚህ በላይ አይደለም። ቃል ይግቡልኝ።»

የኔታ ድጓውን ስበው ገጹን አንድ በአንድ መግለጥ ጀመሩ። ያን ያህል ተቀምጬ ጠብቄ አላውቅም፤ ግን አልተነሣሁም።

«ማኅሌቱን ሌላ ይምራው» አሉ። «እኔ ተቀምጬ እከተላለሁ። በዚህችው ድምፅ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም ክንዳቸውን አልለቀቅኩም፤ ሰብለ መለኪያውን ፈትታዋለች፣ እኔ ግን ይዤው ቆየሁ።

እሑድና ሰኞ፤ ንፋስ መውጫ

ማኅሌቱ አልቆ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ የኔታ ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ። «በይ መርፌሽን፤ ከዚያ ባሕር ዳር እንወርዳለን» አሉ። ተማሪዎቹ ከመንደሩ ሰው በቅሎ ተውሰው እስከ መኪናው አደረሷቸው፤ እሷንም ይዘው ተመለሱ።

ንፋስ መውጫ ሰኞ ማታ ደረስን፤ አድረን በነጋታው ልንወርድ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አልዋሸም። ባሕር ዳር በእጅጌ ጉርድ የሚሄድ ሰው እዚህ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ባጃጁ ራሱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነው የሚነዳው። ያደርንበት ቤት ልጅ የኔታ አሮጌ ጋቢ ለብሰው ሲያይ የራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ ደረበላቸው። እኔንም አየኝ። «ላንቺ የለኝም» አለኝ፣ «አንቺ ትሮጫለሽ።»

የኔታ በሕይወታቸው ባሕር ዳርን አይተው አያውቁም። ሚኒባሱ ውስጥ እጄን ይዘው ተቀመጡ፤ በየመታጠፊያው ጠበቅ ያደርጓታል።

ማክሰኞ፤ ቤት

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ደረጃ አትውረጂ ስለተባለች ከላይ ቆማ ነው የምታየን። ወንድሟን አየች፣ ከዚያ እኔን። የወንድሟ መምጣት ራሱ መልሱን ነግሯታል፤ ግን ከአፌ ፈለገችው።

«አለበት» አልኳት። «ግን ታይቷል።»

የኔታ ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡና ተቃቀፉ። ሁለቱም ሲተቃቀፉ ይጠነቀቃሉ፤ ብርጭቆ እንደ ያዘ ሰው። «አንቺንም እኔንም መጋኛ ፈርቶን ሄደ» አሏት። እያለቀሰች ሳቀች።

ማታ እራት ከበላን በኋላ እናቴ «ዜማህን አሰማኝ» አለቻቸው። ጀመሩ። ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጅ አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ፣ ድምፅ ማጉያ አለ። ምንም አልተሰማም። እናቴ ግራ ገብቷት አየችኝ። መስኮቱን ዘጋሁ። አልበቃም። እናቴ በርጩማዋን ሳበች፤ እኔም ከአልጋው ወረድኩና እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ። ጉልበታችን እስኪነካካ ተጠጋን፤ ያኔ ተሰማ።